ግራፊን የሚባለው ማጣሪያ የጉድጓድ ጨው ያወጣል? የምታውቁ ንገሩኝ

ባቲ_ሰኞ ፡ ማክሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከባቲ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ማለት ቦኖው ሲበላሽ የሚሰደበው ሰው ነው። ያለን አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። ውሃው ኩልል ያለ፣ ሽታም የሌለው፣ ግን ጨው ጨው የሚል። እኛ ለምደነዋል፤ እንግዳ ግን አቦሉን ፉት ሲል ፊቱ ይኮሳተራል። ሳሙናም አረፋ አያወጣበትም። ባለቤቴ በየሁለት በየሦስት ወሩ ጀበናዋ ውስጥ የጋገረውን ነጭ ነገር በሎሚ ዘፍዝፋ ስትፈቀፍቅ ታመሻለች። ባለፈው ወልቆ የወጣው ከእንቁላል ቅርፊት ይወፍር ነበር።

ጅዳ ያለች እህቴ በስልኳ አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። "የግራፊን ማጣሪያ" ይላል። ሰውየው ኮካ የመሰለ ውሃ ጆግ ውስጥ ይገለብጣል፣ ከታች የምንጭ ውሃ መስሎ ይወርዳል። ጨውም፣ ጀርምም፣ የፋብሪካ ኬሚካልም ይይዛል፣ መብራት አይፈልግም ነው የሚለው። እሷ ከደመወዟ ቆጥባ ለኛም ለጎረቤትም ልትልክ ተነሥታለች። እኔ ደግሞ የሰው አገር ላብ ሜዳ እንዳይቀር ፈራሁ። ግራፊን ምንድን ነው? እውነት ጨው ያወጣል? ለቤት ነው ወይስ ለቦኖም ይሆናል?

ጦሳ_ማዶ ፡ ማክሰኞ ማታ 2፡31

ወንድሜ፣ ብሩን ለኔ ላክና በነጠላ አጣርቼ እሰጥሃለሁ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ደሴ እኛ ቤትም አንድ ማጣሪያ ሻጭ መጥቶ ነበር። ሁለት የብረት ዘንግ ያለው ነገር ከቦኖ የቀዳነው ውሃ ውስጥ ነክሮ ሶኬት ላይ ሰካው። ሁለት ደቂቃ አልሞላውም፣ ውሃው ጭቃ ሆነ፣ ላዩ ላይ ቡናማ አረፋ ተንሳፈፈ። የሱን ማጣሪያ ውሃ ሲያደርግ ግን ምንም። እናቴ "አስተግፊሩላህ፣ ስድሳ ዓመት ይህን ነው የጠጣሁት?" ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እስካሁን የቧንቧ ውሃ አልጠጣም እንዳለች ነው። የታሸገ ውሃ እየገዛሁ ደሞዜ አለቀ።

ጠርሙስ_ሰባሪ ፡ ማክሰኞ ማታ 4፡02

ጦሳ_ማዶ፣ መጀመሪያ እናትህን አረጋጋልኝ። ያ ቡናማ ነገር የመጣው ከውሃው አይደለም፣ ከዘንጉ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብረቱ እየተሟሟ ዝገት ሆኖ ይወጣል። ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ ደግሞ ውሃው ውስጥ ትንሽ ማዕድን መኖር አለበት፤ የጥሩ ምንጭ ውሃም ማዕድን አለው። የሰውየው ውሃ ማዕድኑ ስለወጣለት አያሳልፍም፣ ስለዚህ ንጹሕ መስሎ ይቀመጣል። ተመልሶ ከመጣ እሱ ውሃ ላይ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ጨምሩና "ድገመው" በሉት። ዕቃውን ሰብስቦ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ግራፊኑ። የማስተርስ ሥራዬን በዚሁ ጉዳይ ላይ ኮምቦልቻ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሦስት ቢከር ሰብሬያለሁ፣ የመድረክ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት።

እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው። ግራፋይት ማለት ገጽ በገጽ የተደራረበ ካርቦን ነው። ከዚያ ውስጥ አንዲት ገጽ ብቻ ብትገነጥል ግራፊን አገኘህ፤ ውፍረቷ የአንድ አቶም፣ 0.335 ናኖሜትር። አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲካፈል አንድ ናኖሜትር ነው። በፈረንጆቹ 2004 ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ግራፋይት ላይ ተራ ፕላስተር እየለጠፉ እየላጡ ነው ለብቻዋ ያገኟት። በ2010 ኖቤል ተሸለሙበት።

እንከን የሌላት ግራፊን ግን ውሃ አታሳልፍም። ሂሊየም ጋዝ እንኳ አያልፋትም። ስለዚህ ወይ በጣም ደቃቅ ቀዳዳ መብሳት ነው፣ ወይ ደግሞ ኦክሲጅን የያዘችውን ዘመዷን፣ ግራፊን ኦክሳይድን፣ ደርድሮ በገጾቿ መሀል ውሃ ማስኬድ። በብዛት የሚሠራው ሁለተኛው ነው። መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ አስቡ፣ ግን ዓይን የሌለው እንጀራ። ከላይ የፈሰሰው ውሃ እንጀራውን አይበሳም፤ በዳር ገብቶ በሁለት እንጀራ መሀል ተሽሎክልኮ፣ እንደገና በዳር ወርዶ፣ እንደዚያ እያለ መሶቡ ሥር ይደርሳል። በሁለቱ እንጀራ መሀል መግባት የማይችል ወፍራም ነገር ላይ ይቀራል።

እዚህ ድረስ ቪዲዮው ልክ ነው። ኮካ የመሰለውም ውሃ ይጠራል፤ የቀለም ሞለኪውል ትልቅ ስለሆነ ይቀራል። ጨው ላይ ስንመጣ ነው ጉዱ።

የገጾቹ ክፍተት ደረቅ ሲሆን 0.8 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ወደ 1.3 ይደርሳል። ማንችስተሮቹ በ2014 ለክተው እንዳሳተሙት፣ ከነዚህ ገጾች የተደረደረ የራሰ ንጣፍ የሚያስቀረው ራዲየሱ ከ0.45 ናኖሜትር የሚበልጠውን ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ እያንዳንዱ ቅንጣት የውሃ ጋቢ ይደርባል። ከነጋቢው ሲለካ ሶዲየም 0.36 ነው፣ ካልሲየም 0.41፣ ማግኒዚየም 0.43፣ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ 0.35። ሁሉም ከ0.45 በታች። ባቲ_ሰኞ፣ ምግብህን የሚያጨውምህም ሆነ ጀበናህን የሚጋግርብህ፣ ባዶ ግራፊን ኦክሳይድ ላይ ሲደርሱ ሰላም ብለው ነው የሚያልፉት።

በ2017 ያው ቡድን ገጾቹን ኢፖክሲ የሚባል ጠንካራ ሙጫ ውስጥ ቀብሮ እንዳያብጡ አደረገና የገበታ ጨውን 97 በመቶ አስቀረ። ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ላብራቶሪ ውስጥ፣ በትንሽዬ ቁራጭ።

ባቲ_ሰኞ ፡ ማክሰኞ ማታ 4፡20

ወንድሜ አላህ ይስጥህ። ግን ርእሱን ስፈልግ "ኮምፖዚት" የሚል ነገር አየሁ። እሱስ ያው ነው?

ጠርሙስ_ሰባሪ ፡ ማክሰኞ ማታ 4፡48

አይደለም፣ ጥሩ ጠየቅህ። ብቻውን የተደረደረ ግራፊን ኦክሳይድ ልፍስፍስ ነው። የኔ ንጣፍ አንዱ የማጣሪያ ዲስክ ላይ ስሠራው ጸንቶ ይቆያል፣ ሌላው ላይ ስሠራው ውሃ ውስጥ እንደ ረጠበ ወረቀት ይበተናል። ሁለት ወር ራሴን ስወቅስ ቆየሁ። ለካ የጸናልኝ አሉሚና፣ ማለትም ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሠራ ዲስክ ላይ የሠራሁት ኖሯል፤ ዲስኩ በአሲዱ ትንሽ ትንሽ አሉሚኒየም እየለቀቀ ገጾቹን እንደ ሙጫ ያያይዛቸዋል። ይህንን ሌሎች በ2015 አሳትመውት ነበር፣ እኔ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት።

ኮምፖዚት የሚባለው ግራፊን ኦክሳይዱን ከፕላስቲክ ጋር ማዳቀል ነው። ፖሊሰልፎን የሚባል ፕላስቲክ በሟሟ ውስጥ ታሟሟለህ፣ ከክብደቱ አንድ በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ግራፊን ኦክሳይድ ትጨምርበታለህ፣ መስተዋት ላይ ታፈስና በምላጭ ዘንግ ትስበዋለህ፤ አጥሚት ይመስላል። ከዚያ መስተዋቱን እንዳለ ውሃ ውስጥ ትነክራለህ። ዓይንህ እያየ ይረጋል፣ እንደ እርጎ ቆዳ ሆኖ ከመስተዋቱ ራሱ ይላቀቃል። የመጀመሪያው የተላቀቀ ቀን ላብ ውስጥ ብቻዬን እልል ብያለሁ።

ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፣ ፕላስቲኩ ብቻውን ውሃ አይወድም፣ ቅባትና ልጋግ ግን ይለጠፍበታል። ግራፊን ኦክሳይዱ ውሃ ወዳድ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ብዙ ያሳልፋል፣ ቶሎም አይደፈንም። ሲበዛ ግን ይጓጉላል፣ ጉጉሉ ዙሪያ ቀዳዳ ይፈጠርና ሥራው ሁሉ ገደል ይገባል። እንዲህ ዓይነቱ ንጣፍ ድፍርሱንና ጀርሙን ይይዛል። ጨው ግን አሁንም አይይዝም፤ ለጨው ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ስስ ሽፋን ከላዩ ያስፈልገዋል፣ ግፊትም ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማይናገረው። ግራፊን ኦክሳይድ የሚሠራው በ1958 በታተመ የሐመርስ ዘዴ ነው፤ ግራፋይትን በሰልፈሪክ አሲድና በፖታሲየም ፐርማንጋኔት። ካልቀዘቀዘ ሊፈነዳ ይችላል፣ ስለዚህ በረዶ ላይ ነው የሚቀመጠው። ያኔ በረዶ ስላልነበረን ከጭማቂ ቤት በኩባያ እየገዛሁ ነበር የምሮጠው። ከዚያ አሲዱ እስኪለቅ ማጠብ አለ። በታጠበ ቁጥር እንደ ተልባ ይልጋል፣ ሴንትሪፊውጁ አላወርድም ይላል። ለግማሽ ግራም ያልሞላ ነገር ስንት ጀሪካን የተጣራ ውሃ እንደጨረስኩ ለማንም አልተናገርኩም። ውሃ ለማጣራት የሚሆን ነገር ለመሥራት ውሃ ስጨርስ!

ሐይቅ_ዳር ፡ ረቡዕ ጠዋት 1፡10

ሰላም። እንዳላስቀይማችሁ እንጂ ይህ ነገር ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ነው። ስለኛ ውሃ ሲወራ መልሱ መቼም ክሎሪን፣ አሸዋ፣ "አፍልታችሁ ጠጡ" ነው። ሌላው ዓለም አዲስ ነገር ይሞክራል፤ እኛ ጋ ሲደርስ "ለናንተ አይሆንም"። ቦርከና ደሴን አልፎ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ከሚሴ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አይታችኋል። ፋብሪካው በዛ፣ ወንዙ ቀለም ለበሰ። ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን ከዚያ ነው የሚያጠጣው። ለሱ ክሎሪን ምን ያደርግለታል? ክሎሪን ክሮም ይገድላል? እንዲህ ያለ ነገር እኛ ካልሞከርነው ማን ሊሞክርልን ነው?

ጠርሙስ_ሰባሪ ፡ ረቡዕ ጠዋት 3፡25

ሐይቅ_ዳር፣ ግማሹ ላይ እስማማለሁ፣ እንዲያውም ርእሴን የመረጥኩት በሱ ነው። ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀመው ክሮም ባለሦስት ቻርጁ ከነጋቢው 0.46 ይሆናል፣ ማለትም ከዚያች 0.45 በፀጉር ታህል ይበልጣል። ቀለሞቹም ትልልቅ ናቸው። ግራፊን ኦክሳይድ ራሱ ደግሞ ከባድ ብረት ስቦ የመያዝ ጠባይ አለው። ስለዚህ ግራፊን ወሎ ውስጥ ሥራ ካለው፣ ሥራው ያለው ፋብሪካው ቱቦ መውጫ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ቆሻሻው ወንዝ ሳይገባ፣ ፓምፕም መብራትም ጠባቂ ባለሙያም ባለበት ቦታ። የቆሸሸውን ወንዝ ሁሉ ለቆ ድሃው ቤት ጆግ ማስቀመጥ ግን ዕዳውን ለተበዳዩ ማሸከም ነው። በዚህ ላይ አልደራደርም።

የቱቦ_ልጅ ፡ ረቡዕ ቀን 7፡40

ልጆች፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ውሃ መስመር ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አምባሰል፣ ኩታበር፣ ተሁለደሬ፣ የወረባቦ ቁልቁለት። ስለ አቶሙ አላውቅም። ስለ ግፊት ግን ጠይቁኝ።

አሥር ሜትር የውሃ ከፍታ አንድ ባር ነው። ባቲ_ሰኞ ሮቶህን ሦስት ሜትር ማማ ላይ ብታስቀምጠው 0.3 ባር አገኘህ። ያ የጅዳው ጆግ ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ አንድ ስንዝር ከፍታ ቢኖረው ነው፤ 0.02 ባር። ጠርሙስ_ሰባሪ ያርመኝ፣ ጨው ያለውን ውሃ በንጣፍ ለመግፋት ስንት ይፈልጋል?

ጠርሙስ_ሰባሪ ፡ ረቡዕ ቀን 8፡05

ጋሼ፣ አንቱ በአንድ ጥያቄ የኔን ሁለት ገጽ ጨረሱት።

አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ግራም የገበታ ጨው ካለ፣ ውሃው ጨውን ጥሎ እንዲያልፍ ለማስጀመር ብቻ 0.8 ባር ያህል ያስፈልጋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ንጣፉ ከግራፊን ቢሠራ ከወርቅ ቢሠራ አይቀየርም። ውሃው በወጉ እንዲወርድ ከፈለግህ ደግሞ አምስትም አሥርም ባር ነው። ስለዚህ በራሱ ክብደት የሚንጠባጠብ ጆግ በግራፊን ጨው አወጣ ቢሉህ አትመን። እውነት የሚያወጣ ጆግ ካለ ውስጡ ሬዚን የሚባል ጨው ስቦ የሚይዝ ደቃቅ ፍሬ አለው ማለት ነው፣ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው። ሬዚን ደግሞ እንደ ጆንያ ነው፣ ይሞላል። እንዳንተ ባለ ውሃ ቶሎ ይሞላና በየጊዜው አዲስ ግዛ ነው።

የቱቦ_ልጅ ፡ ረቡዕ ቀን 9፡30

እንግዲያው ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝን ልንገራችሁ። እኛ ከተራራ ምንጭ ጎልብተን ውሃ ስናወርድ ትልቁ ራስ ምታታችን ግፊቱ መብዛቱ ነው። ስድሳ፣ ሰማንያ ሜትር በወረደ ቁጥር ቱቦው እንዳይፈነዳ የግፊት ማስተንፈሻ ሳጥን እንሠራለን። ሳጥኑ ውስጥ ውሃው ፏ ብሎ ይወድቃል፣ ጉልበቱን እዚያ ይተፋል፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በሲሚንቶ እየገነባን ስድስት ባር፣ ስምንት ባር ስንጥል ኖርን። ያለ መብራት፣ ያለ ናፍጣ! አሁን ስታወሩ "ያ ሳጥን ቦታ ላይ ንጣፉ ቢቀመጥስ?" አልኩ።

ጠርሙስ_ሰባሪ ፡ ረቡዕ ቀን 9፡52

ጋሼ ይህ ሐሳብ ግሩም ነው! ስድስት ባር ለናኖፊልትሬሽን፣ ማለትም በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ንጣፍ ለማጣራት፣ ይበቃል። አንድ አራት ኢንች ሞጁል ሰባት ካሬ ሜትር የሚያህል ንጣፍ ተጠቅልሎበታል፣ ባለ ጨው ባልሆነ ውሃ በቀን ብዙ ሺህ ሊትር ያወርዳል። የማያልፈውም ውሃ ወደ ከብት ገንዳ ይሂድ፣ ባካና አይሆንም።

የቱቦ_ልጅ ፡ ረቡዕ ቀን 10፡15

ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል። እኔም እንዳንተ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ኋላ ጋቢዬን ተከናንቤ ሳስበው ሳቄ መጣ። ተራራው ላይ ያለው ምንጭ ጨው የለበትም! አጥሬ፣ ጎልብቼ፣ ከብት እንዳይደርስበት አድርጌ፣ ክሎሪን ጠብ ካደረግሁበት አበቃ። ጨው ያለው ታች፣ ባቲ ሜዳው ላይ፣ ቆቦ ሜዳው ላይ፣ ከመሬት ሥር ነው። ግፊቱ ላይ ቀረ፣ ጨው ታች ወረደ። ሁለቱን አንድ ቦታ ያላደረገ ጌታ ምን እንዳሰበ እሱ ያውቃል።

ጦሳ_ማዶ ፡ ረቡዕ ቀን 10፡22

ጋሼ ወላሂ ገደሉን።

ጤና_ኬላ ፡ ረቡዕ ማታ 1፡50

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፣ ወረዳዬን አልጠራም። ሁላችሁም ስለ ጉድጓዱ ታወራላችሁ፤ ማንም ስለ ጀሪካኑ አላወራም።

ባለፈው ዓመት ለሥልጠና የተሰጡን ትንንሽ የመመርመሪያ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ውሃ ቀድተህ ሞቅ ያለ ቦታ ታሳድራለህ፣ የሰገራ ጀርም ካለ ይጠቁራል። ከቦኖው ቀጥታ የቀዳነው ሦስት ጠርሙስ ሲነጋ እንደነበረ ቢጫ ነው። ከዚያው ቦኖ ተቀድቶ ቤት ካደረው ጀሪካን የወሰድነው ሦስቱም ቀለም መስለው ጠቁረው አገኘናቸው። የአንዷ እናት ጀሪካን ድሮ የዘይት ነበር፣ መክደኛው ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። እጄን ብሰድ አፉ አያስገባም፣ በባትሪ ሳየው ግን ውስጡ አረንጓዴ ልጋግ ለብሷል። ጠጠርና ሳሙና ጨምረን ስንንጠው የወጣውን አልነግራችሁም፣ እራት ሰዓት ነው።

የጀርም ነገር ከሆነ ጀርም ትልቅ ነው። ባክቴሪያ አንድ ሺህ ናኖሜትር ገደማ ነው ብለው አስተምረውናል፤ እናንተ ከምታወሩት ከ0.45 ጋር ምን አገናኘው? የሸክላ ማጣሪያም ይይዘዋል፣ በየሱቁ ያለው ውሃ አጋርም በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ይገድለዋል። ማፍላትም ይሆናል። ደጋ ላይ ያላችሁ፣ ከ2000 ሜትር በላይ የሆናችሁ፣ ፍልፍል ብሎ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ጨምሩ፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ነው። የትኛውም ማጣሪያ ግን ያጣራውን ያ ጀሪካን ውስጥ ከገለበጣችሁት ሥራው ከንቱ ነው። ክሎሪን ቢያንስ ጀሪካኑ ውስጥ አብሮ ያድራል፣ ይጠብቃል።

ባቲ_ሰኞ፣ ልጆቻችሁ የሚያስቀምጣቸው ጨው አይደለም እህህ።

ባቲ_ሰኞ ፡ ረቡዕ ማታ 2፡30

እህቴ፣ እውነትሽን ነው፣ የኛም ጀሪካን ቆረቆንዳ ነው ያለው። አፈርኩ።

ጅዳ_ያለሁት ፡ ረቡዕ ማታ 5፡45

ወንድምጋሼ! በየትኛው ስም ነው እዚህ የምትጽፈው ብዬ ነበር፣ የጀበናውን ነገር ሳነብ አወቅሁህ። እቴ እንዳታፍር፣ ሰው ባይጠይቅ ነው የሚታፈረው።

ለሌሎቻችሁ፦ ቪዲዮውን የላክሁት እኔ ነኝ። የምሠራበት ቤት እመቤት እንደዚያ ያለ ጆግ አላት፣ እሷ ግን የምትጨምርበት የቧንቧ ውሃ ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ። የጅዳ ውሃ የባሕር ውሃ ነው፣ ሲጣራ ሲጣራ ቤታችን ይገባል። ከባቲ ጉድጓድ ይልቅ ባሕር ይጨውማል አይደል? ይህ ከሆነ የኛ እንዴት ያቅታል?

ጠርሙስ_ሰባሪ ፡ ሐሙስ ጠዋት 2፡15

እህት፣ አያቅትም። የባሕሩን በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃውን በግፊት በንጣፍ እያሳለፉ፣ ሲያጣሩት ከ55 እስከ 70 ባር ነው የሚገፉት፤ ለአንድ ሺህ ሊትር ሦስት አራት ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። እነሱ ነዳጁም ገንዘቡም አላቸው። የወንድምሽ ጉድጓድ ጨው ከባሕሩ ብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ አሥር ሃያ ባር የሚገፋ ትንሽ ማሽን ይበቃዋል፣ በሶላር ይሠራል። ንጣፉም ከግራፊን አይደለም፣ ፖሊአሚድ ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ አሥርተ ዓመታት የተፈተነ፣ መለዋወጫው አዲስ አበባ የሚገኝ። ግራፊን ያለበትን አስመጥቶ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ግን አለ። ጀበናው ላይ የጋገረው ንጣፉም ላይ ይጋግራል። ባልታከመ ጠንካራ ውሃ (ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ማለት ነው) ማሽኑን በጥቂት ወር ሊያደነዝዘው ይችላል፣ መከላከያ መድኃኒት መጨመር ይኖርባቸዋል፣ የሚከታተል ሰው መቀጠር አለበት። ደግሞ ሁሉንም ውሃ ማጣራት አያስፈልግም። ልብስ የሚታጠብበትን ጨው አይጎዳውም። ቦኖው አጠገብ አንዲት ለብቻዋ ያለች ቧንቧ፣ ለመጠጥና ለቡና ብቻ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምርመራ። ጨው ነው ስላላችሁ ብቻ ጨው ነው ማለት አይደለም፣ ላይሆንም ይችላል። የኤሌክትሪክ አሳላፊነቱን፣ ጥንካሬውን፣ ፍሎራይዱን፣ ናይትሬቱን ያስለኩ። ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ካለፈ የዓለም ጤና ድርጅት ከተመከረው በላይ ነው ይላል፣ ያኔ ጉዳዩ ስለ ቡና ጣዕም መሆኑ ይቀራል። ያ ሻጮች የሚይዙት እስክሪብቶ የመሰለ መለኪያ ጠቅላላ ማዕድን ብቻ ነው የሚያነበው፤ ፍሎራይድን ለይቶ አያሳይም፣ ጀርምን ጭራሽ አያውቅም።

ጅዳ_ያለሁት ፡ ሐሙስ ቀን 8፡00

እሺ። የጆጉን ገንዘብ ለምርመራው አድርግልኝ ወንድምጋሼ። የቀረው ክዳን ያለው ጀሪካን ይገዛበት፣ ለጎረቤትም። እማን ሳሙልኝ።

ሐይቅ_ዳር ፡ ሐሙስ ቀን 8፡40

እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ግን ፋብሪካው ቱቦ መውጫ ላይ ያልከው ነገር ከተጀመረ ፊርማ ለማሰባሰብ እኔ አለሁ።

ባቲ_ሰኞ ፡ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ማታ 1፡20

ሰላም ቤተሰብ። ቃሌን ለመጠበቅ ነው። ናሙናውን ለሰኞ ገበያ በመጣ ሚኒባስ ላክነው፣ ውጤቱ ወጣ። አልሐምዱሊላህ ፍሎራይዱ ከ1.5 በታች ነው። ናይትሬቱም ደህና ነው። ጥንካሬው ግን እንደፈራችሁት ጣራ ነክቷል፣ ጨዉም አለ። ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው ልጅ "ይጠጣል፣ ግን አያስመሰግንም" አለኝ። ኮሚቴው ስለ ትንሿ ማሽን ወረዳ ሊጠይቅ ነው፤ የሚከታተላት ሰው ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ተከራክረን ሳንስማማ ተበተንን። ጀሪካኖቹ ግን ተገዝተዋል፣ ሃያ አራት።

ጠርሙስ_ሰባሪ ፡ እሁድ ማታ 1፡45

ደስ ይላል። እስከዚያው ለባለቤትህ አንድ ነገር ንገርልኝ፦ ውሃውን መጀመሪያ በሌላ ብረት ድስት ታፍላው፣ ይረጋ፣ ከላይ ከላይ ቀድታ ጀበናው ውስጥ ትጨምር። ከጥንካሬው የተወሰነው ድስቱ ላይ ይቀራል፣ ጀበናዋ ታርፋለች። ጨው ጨው ማለቱን ግን አያስቀርም። ደግሞ ከዚያ ቅርፊት ትንሽ አስቀርልኝ። ሆምጣጤ ጠብ አድርግበት፤ ሽሽሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

ባቲ_ሰኞ ፡ እሁድ ማታ 2፡10

ሆምጣጤ የለንም፣ ሎሚ ጨመቅሁበት። ሽሽሽ አለ! ልጆቹ ድገመው ድገመው እያሉኝ ነው። ባለቤቴ ግን "ሎሚ ስጨምቅበት እንደዚያ እንደሚል እኔ ድሮም አውቃለሁ፣ የጠየቀኝ ማን አለ?" ብላ ሳቀችብኝ።